የመጋረጃው ገበር

እትዬ ሜትር ይሏታል። ለልኬት ካልሆነ በቀር መለኪያ ሜትሯ ከአንገቷ ወርዶ ያየ ሰው የለም፤ ሰርግም ለቅሶም አብሯት ይሄዳል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል የስፌት መኪና ስትረግጥ ኖራለች። ኮሌታዋ ላይ ሁልጊዜ ሰባት ስምንት እስፒል ተሰክቶ ስለሚውል፣ የሚያውቋት ሰዎች ሰላም ሲሏት እጇን ጨብጠው ያልፋሉ እንጂ አያቅፏትም።

ሁለት አመል አለባት። አንደኛው፣ ለልኬት የቆመውን ሁሉ "ወፍረሃል" ማለት ነው። የወፈረ ሰው ጨርቅ ይጨምራላ! ሁለተኛው ከገበር ማስቀረት ነው። ከላይኛው ጨርቅ ስንዝር ነክታ አታውቅም፤ እሱ ሌብነት ነው። ገበርን ግን ማን ገልጦ ያየዋል? ስለዚህ የከተማው ኮት ግማሹ ጀርባው ባዶ ነው። ሰዉ ይበርደዋል፣ በአየሩ ያመካኛል።

የከንቲባ ምርጫ ሲደርስ የምርጫው ኃላፊ፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ሁለት ጥቅል ጨርቅ ይዘው መጡ። አንዱ ስስ ነጭ ነው፤ ሌላው ወፍራም ሰማያዊ።

"መጋረጃ ነው" አሏት። "ነጩ ከውጭ፣ ሰማያዊው ገበር። አደራ!"

ሰማያዊውን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው። ይለሰልሳል፤ ሲለቁት ከብዶ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ጨርቅ የክፍል ጥግ ላይ ተሰቅሎ ሊውል ነው! የእሷ የውስጥ ጉርድ ደግሞ ከተጣፈ አምስት ዓመቱ። ነጩን ዙሪያውን ቀምቅማ አስረከበች፤ መምህሩም ገልጠው ሳያዩ ተቀበሏት። ሰማያዊው ሽንሽን የውስጥ ጉርድ ሆኖ ወገቧ ላይ ቀረ።

ዕጩዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው ባለ ወፍጮው፣ ክፍሏን ያከራያት ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ ጣሪያውን ቀና ብሎ እያየ፣ "ይቺን ክፍል መጋዘን ላደርጋት አስቤ ነበር። እስቲ ምርጫው ይለፍና እንነጋገራለን" አላት። "እኔ ሌላ ማንን እመርጣለሁ ጌታዬ!" አለች። ሁለተኛው ፀጉር አስተካካዩ፣ የታናሽ እህቷ ባል ነው። እህቷ ደግሞ፣ "እታለም፣ ባሌን ካልመረጥሽ ደጄን እንዳትረግጪ፤ ልጆቼንም እርሻቸው" አለቻት። "ምን ቆርጦኝ!" አለች። ሦስተኛዋ አዋላጇ ናት። እሷ ከአንዷ ምጥ ወደ ሌላዋ ስትሮጥ ምረጡኝ ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኘችም።

እትዬ ሜትር ለሁለቱም ቃል ሰጥታ እንቅልፏን ተኛች። ማን ያየኛል ብላ ነው። መጋረጃ አለ፤ የሰፋችውም ራሷ ናት።

የምርጫው ቀን ጠዋት በትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ረጅም ሰልፍ ነበር። ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ መምህሩ ስም አይተው ወረቀት ይሰጣሉ፣ መራጩ ከመጋረጃው ጀርባ ይገባና ወረቀቱን ከሦስቱ ሣጥኖች ባንዱ ይከታል። በግራ ቁልፍ የተሳለበት የባለ ወፍጮው ነው፣ በቀኝ ዶሮ የተሳለበት የፀጉር አስተካካዩ፣ መሃል ላይ ፋኖስ የተሳለበት የአዋላጇ።

እህቷን ከኋላዋ አስከትላ ስትገባ ሰዉ ሁሉ ወደ መጋረጃው አፍጥጧል። እሷም አፈጠጠች። ከመጋረጃው ኋላ መስኮት አለ። የጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ በስሱ ነጭ ጨርቅ ላይ ሁሉንም ነገር ቁልጭ አድርጋ አውጥታዋለች፤ ውስጥ የገባውን መራጭ፣ ሣጥኖቹን፣ እጁን። ሲኒማ ነው የሚመስለው። ሁለቱ ዕጩዎች ፊት ለፊት ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት ብሎ አፉን ዘግቷል። መምህሩ ብቻ መዝገባቸው ላይ አቀርቅረው ምንም አላዩም።

የወፍጮው ሠራተኛ ገባ። ጥላው እጁን ወደ መሃል ላከና ቆም አለ፤ አሠሪው ትዝ አለው መሰል ጥርግ ብሎ ወደ ግራ ሄደ።

"እጁ መንገድ ጠፍቶት ነበር" አለች አንዲት ዳቦ ሻጭ። ሰልፉ ሳቀ።

"ፀጥታ!" አሉ መምህሩ፣ ምን እንደሚያስቅ ሳያውቁ።

እጇን ወደ ግራ ብትልክ እህቷን ማጣቷ ነው። ወደ ቀኝ ብትልክ ክፍሏ መጋዘን መሆኑ ነው። ከእህቷ ኋላ ያሉትን "እለፉ፣ እለፉ፣ እኔ አልቸኩልም" እያለች አራት ሰው አሳለፈች።

"ምን ሆነሻል? ዛሬ ገና ነው ደግ የሆንሽው?" ብላ እህቷ በክርኗ ገፋቻት።

ባለ ወፍጮውም ፈገግ ብሎ፣ "ግቢ እንጂ እትዬ ሜትር! መጋረጃው የራስሽ ሥራ አይደለም?" አላት።

ገባች። ፀሐይዋ ጀርባዋን ጠበሰችው። ሣጥኖቹን አየች፣ መጋረጃውን አየች፤ ቀጥሎ ወደ ወገቧ ተመለከተች። ከዚያ ጎንበስ አለች።

"ምን እያደረገች ነው?" አለ አንዱ ከሰልፉ።

"እያወለቀች ነው!"

"ምኗን?"

"እኔ እንጃ፣ ግን እያወለቀች ነው!"

ባለ ወፍጮውና ፀጉር አስተካካዩ እኩል "ነውር ነው!" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ዳቦ ሻጯ አላዞረችም። ከውስጥ ስፌት ሲተረተር ጠረር የሚል ድምፅ ተሰማ። እስፒሎቹ ከኮሌታዋ እየተነቀሉ አንድ በአንድ መጋረጃው ላይ ተሰኩ፤ ጥላውም ከላይ ጀምሮ ጠፋ። እትዬ ሜትር ወረቀቷን ፋኖሱ ሣጥን ውስጥ ከተተች። ከሦስቱ ያልለመነቻትና ያላስፈራራቻት አዋላጇ ብቻ ነበረች።

ስትወጣ መምህሩ መነጽራቸውን እያስተካከሉ መጥተው መጋረጃውን ገለጡ። ሰማያዊውን ጨርቅ አሸት አሸት አደረጉት።

"ይሄ የእኔ ገበር ነው።"

"አዎ መምህር። ረስቼው ኖሮ ዛሬ ትዝ አለኝ።"

"ለብሰሽው ነው የረሳሽው?"

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ሜትሯን አስተካክላ፣ ንፋስ እንዳያጋልጣት ቀሚሷን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ማን ማንን እንደመረጠ ያየ የለም። ቆጠራው ከመጨለሙ በፊት አለቀ። ቁልፉና ዶሮው ጠዋት የሞላላቸውን ያህል ከሰዓት አልሞላላቸውም። የፋኖሱ ሣጥን ግን ወረቀት ተርፎት ክዳኑ አልገጥም አለ። አዋላጇ ከንቲባ መሆኗን የሰማችው ልጅ አዋልዳ እጇን ሳትታጠብ ነው።

በማግስቱ ባለ ወፍጮው በሯ ላይ ቆመ። "ሰዉ ሁሉ ካደኝ። አንቺ ብቻ ነሽ እህትሽና ባሏ እንዳያዩብሽ እስክትሸፍኚ ድረስ ለእኔ የተጨነቅሽው። ክፍሏ ያንቺው ናት" ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እሱ ከመንገዱ ሳይጠፋ እህቷ ልጆቹን አስከትላ መጣች። "ባሌ የሚምለው በአንቺ ነው፤ ያንን ሁሉ ነውር ለእሱ ብላ ነው የተሸከመችው ይላል" አለቻት። እትዬ ሜትር ለሁለቱም አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀችላቸው። ከስንቱ ጋር ትከራከራለች?

በሳምንቱ አዋላጇ ጨርቅ ታቅፋ ገባች። "ኮት ትሰፊልኛለሽ" ብላ የሚነቃነቀው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። "ገበሩንም ይዣለሁ።"

"ተዪው በቃ፣ በሳምንት ይደርሳል።"

"የለም፤ እዚሁ ቁጭ ብዬ አያለሁ።"

"ከንቲባ ሆነሽ ሥራ የለብሽም?"

"ሥራዬን ከዚህ ልጀምር ብዬ ነው።"

እትዬ ሜትር በረጅሙ ተነፈሰች። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ አዋላጇን አስነስታ በወገቧ አዞረችው። ቁጥሩን አየችው፤ ደግማ አየችው።

"ትንሽ ወፍረሻል" አለች።