የስታና ግማሽ

በኒክሺች ከተማ ዙሪያ ባሉት ተራሮች እህት አትካፈልም። ሕጉማ ትካፈላለች ይላል፤ ከሁለት ትውልድ በፊት ጀምሮ ወንድና ሴት እኩል ይወርሳሉ ተብሎ ተጽፏል። ነገር ግን ሕጉ የሚኖረው ከተማ፣ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ልማዱ ደግሞ ምድጃ ዳር ተቀምጦ እግሩን ያሞቃል። አባት ሲሞት እህት ትጠራለች፣ ትቀርባለች፣ «ድርሻዬን ለወንድሜ ትቻለሁ» ብላ ትፈርማለች። ወንድምም በተራው «የቤቴ በር ለአንቺ ሁልጊዜ ክፍት ነው» ይላታል። ከዚያ ወጥተው አንድ ላይ ምሳ ይበላሉ። ድርሻዬን አምጡ ያለች እህት ግን ወንድሟን እንደ ሸጠች ትቆጠራለች፤ ስሟ በተነሳ ቁጥር ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

ራዶይካ ይህን ማንም ሳያስተምራት አውቃ ያደገች ሴት ናት። ዕድሜዋ ሃምሳ ዘጠኝ ነው፤ አላገባችም። በወጣትነቷ አንድ የደን ሠራተኛ ለትዳር ጠይቋት ነበር፤ በዚያው ዓመት እናቷ ታመመችና ሰውዬው ሁለት ዓመት ጠብቆ ሌላ አገባ። እናቷን ቀበረች። ቀጥሎ የአባቷ የጋቭሮ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ ዘጠኝ ዓመት አጎረሰችው፣ አጠበችው፣ ጢሙን ላጨችው። አሥራ አንድ በጎች አሏት። በቆዳ ስልቻ የምታከርመው አይብ በዱብራቫ መንደር አቻ የለውም ይባላል፤ እሷም ራሷ ትለዋለች። ትሑት ሴት አይደለችም፤ ዝምተኛ ናት እንጂ። ሰው ሁለቱን ያምታታል።

ጋቭሮ በነሐሴ ሞተ። ለአርባው ታናሽ ወንድሟ ቩኮታ ከዋና ከተማው ከፖድጎሪትሳ መጣ። ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ከተበተነ በኋላ ከፕሪሙ ዛፍ ሥር አጠገቧ ተቀመጠ።

«እቴ፣ ገዢ አግኝቻለሁ» አላት። «የከተማ ሰው ነው። የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርገው ይፈልጋል።»

«ምኑን?»

«ቤቱን ነዋ! አንቺማ ከእኛ ጋር ነሽ። ክፍል አለሽ። ከእንግዲህ በግ የለ፣ ጭቃ የለ፤ እንደ ንግሥት ተቀምጠሽ ቴሌቪዥን ማየት ነው!»

ክፍሉን ታውቀዋለች። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛና የልጆቹ አሮጌ ብስክሌት የተከመሩበት ነው። ቩኮታ ክፉ ሰው አይደለም። ለአባቱ መድኃኒት ሳያመጣ የቀረበት ወር የለም፤ በቀብሩ ዕለትም ከእሷ ይልቅ ያለቀሰው እሱ ነው። ብቻ ቤቱ የእሱ መሆኑን አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም፤ እሷም እንዲጠራጠር የሚያደርግ ቃል ተናግራ አታውቅም።  የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እዚያው ቤት ኖራ እዚያው ቤት መሞት። ይህን አፍ አውጥታ ካለች ደግሞ ያላትን አንድ ወንድም ልታጣ ነው።

በጥቅምት ኖተሪዋ ጠራቻቸው። ፍርድ ቤት የሟቾችን ውርስ እንድታጣራ የወከላት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ቸኩላ አነበበች።

«ሟች ጋቭሮ ኑዛዜ አልተዉም። ወራሾቻቸው ወንድ ልጃቸው ቩኮታና ሴት ልጃቸው ራዶይካ ናቸው፤ እኩል።»

ራዶይካ መንገዱን ሙሉ ስትለማመድ ነው የመጣችው። ድርሻዬን ለወንድሜ ትቻለሁ። ሦስት ቃል ናት፤ ሕፃንም ይላታል። አፏን ልትከፍት ስትል ኖተሪዋ እጇን አነሳች።

«ቆይ፣ አንድ ነገር አለ። ቤቱና ግቢው የሟች ብቻ አይደለም። ግማሹ በስታና ስም ተመዝግቧል። ስታና ማን ናቸው?»

ቩኮታ ሳቀ። «አክስታችን ናት፣ የአባታችን እህት። እሷማ አያታችን የሞቱ ጊዜ ትታዋለች እኮ!»

«የት ነው የተዉት?»

«ማዕድ ላይ። መንደሩ በሙሉ ሰምቷል።»

«መንደሩ ማኅተም የለውም» አለች ኖተሪዋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሃምሳ አምስት ዓመት በፊት አያታቸው ሲሞቱ ስታና የአረቄ መለኪያዋን ይዛ ከማዕዱ ተነሳችና «የአባቴ ቤት ለወንድሜ ይሁን» አለች። ጋቭሮም «የቤቴ በር ለአንቺ ሁልጊዜ ክፍት ነው» አላት፤ በቃ፣ አለቀ። ከዚህ ወዲያ «እስቲ ነይና ፈርሚልኝ» ማለት እህትን «ቃልሽን አላምነውም» ማለት ነው፤ በዚያ አገር ሰው በዚህ ተኳርፎ ሳይነጋገር ይሞታል። ስለዚህ አልጠራትም፣ አልፈረመችም። ዳኛው ደግሞ ያልቀረበን ሰው ትቷል ብሎ አይጽፍምና ሁለቱን እኩል አወረሳቸው። ውሳኔው በፖስታ መጣ፤ ጋቭሮ ሳይከፍተው ከቅዱስ ኒኮላስ ሥዕል ጀርባ ሻጠው። ራዶይካም በየፋሲካው ሥዕሉን አውርዳ አቧራውን ስትጠርግ ፖስታውንም አብራ ጠርጋ ትመልሰው ነበር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንላለን እኛ። እነዚህ ግን ቃሉን ለሃምሳ አምስት ዓመት አልረሱም፤ የረሱት ወረቀቱን ነው።

ኖተሪዋ ቀጠሮ ሰጠች። ስታና በሕይወት ካሉ ራሳቸው ቀርበው ግማሻቸውን ለፈለጉት በስጦታ ያስተላልፉ፣ ካልሆነም የራሳቸው ነው አለች።

«እቴ፣ አንቺ ሂጂና አምጫት» አለ ቩኮታ ደረጃውን ሲወርዱ። «አንቺን ትወድሻለች።»

እንዲህ ሆኖ ራዶይካ የገዛ መኖሪያዋን የምታስነጥቅበትን ፊርማ ለመለመን፣ አንድ ድፍን አይብ ይዛ፣ በአውቶቡስ ወደ ባሕሩ ዳር ወደ ሪሳን ወረደች። ስታና ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። በሯ ላይ ተቀምጣ ትንንሽ ዓሣ ስታጸዳ አገኘቻት።

«መጣሽ?» አለች ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ። «እናንተ ሰው ሳይሞት አትመጡም።»

«አባባን እያስታመምኩ እኮ ነው አክስቴ።»

«እሱ አንቺን ቢያስታምም ኖሮ ሳምንትም አትቆዪ ነበር። ተቀመጪ። አይቡን ወዲህ በይ፣ ድመቷ እያየችው ነው።»

ራዶይካ የመጣችበትን ነገረቻት። የወረቀቱን ነገር፣ የቀጠሮውን ቀን፣ ገዢ መገኘቱንም። ስለ ራሷ ምንም አላለችም። ስታና እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ባሌ ባሕር ውስጥ የቀረ ጊዜ ትዝ ይልሻል?»

«ሰባት ዓመቴ ነበር።»

«ሁለቱን ልጆች ይዤ መጣሁ። አባትሽ በሩን ከፈተ፤ ሙት አይወቀስም፣ ከፈተ። ግቢ አለኝ፣ ገባሁ። አሥራ አንድ ቀን ተቀመጥኩ። በአሥራ አንዱም ቀን አልጋ ያነጠፈልኝ ሰው የለም። ከማን ጋር ነበር የተኛሁት?»

«ከእኔ ጋር።»

ራዶይካ አልረሳችውም። አክስቷ በግርጌ በኩል ትተኛ ነበርና ጠዋት ጠዋት ቀዝቃዛ እግሯን ታቅፋ ነበር የምትነሳው። ያኔ ጨዋታ መስሏት ደስ ይላት ነበር። አሁን ግን አፈረች፤ በሰባት ዓመት ልጅ የሚያሳፍር ነገር ባይኖርም አፈረች።

«ማንም ሂጂ አላለኝም» አለች ስታና። «ማንም ተቀመጪም አላለኝም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ልጆቼን ሰብስቤ ወጣሁ።»

«ለምን ድርሻዬን አላሉም ታዲያ?»

«ቃሌን ሰጥቼ? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል አይደል? የወለድኳቸውም ሊጠፉ ምንም አልቀራቸው! ሆቴል ወለል እየወለወልኩ አሳደግኳቸው።» ቢላዋዋን አነሳችና አንድ ዓሣ ቀደደች። «ግን አንቺ ልጅ፣ ቃሌን የሰጠሁት ለማን ነው?»

«ለአባባ።»

«አባትሽ የታለ?»

ራዶይካ ወደ ጥቁር ቀሚሷ አየች።

«ለቩኮታ ቃል መስጠቴ ትዝ አይለኝም። ያኔ አልተወለደም እኮ!» ብላ ስታና ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። «አንቺስ? ያን ቤት ትፈልጊዋለሽ?»

በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ይህን ጥያቄ ሰው ሲጠይቃት የመጀመሪያዋ ነው። ራዶይካ ባሕሩን አየች፣ ድመቷን አየች፤ እንባዋ መጣ። 

«እሺ፣ እመጣለሁ» አለች ስታና። «አዲሱን ቀሚሴንም እለብሳለሁ።»

በታኅሣሥ መጀመሪያ ሦስቱም ኖተሪዋ ፊት ተቀመጡ። ስታና ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች፤ ቀሚሷም እንዳለችው አዲስ ነው። ቩኮታ ከአውቶቡሱ ደግፎ አውርዷታል፣ ወንበር ስቦላታል፣ ባርኔጣውን አውልቆ እጇን ስሟል።

«ወይዘሮ ስታና፣ ግማሽዎን ለማን ያስተላልፋሉ?»

«መጀመሪያ ይቺን ጠይቂያት» አለች ስታና ወደ ራዶይካ በአገጯ እያመለከተች። «የአባቷን ድርሻ ለወንድሟ ከተወች እኔም የእኔን ለእሱ ፈርሜ በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ። ከተቀበለች ግን የእኔም ለእሷ ነው። እኔ በሃያ ስድስት ዓመቴ የማላውቀውን ነገር ሰጠሁ። እሷ ታውቀዋለች፤ እሷ ትናገር።»

 ራዶይካ አክስቷን በልቧ ረገመቻት፤ ሌላ ሰው ቢወስንላት በወደደች። የወንድሟን እጆች አየች። የጫማ ክር ማሰር ያስተማረችው እሷ ናት፤ ቀኝና ግራውን እያምታታ ስንት ጠዋት አስቆጥቷታል። ትወደዋለች። እየወደደችው፣ እያወቀችው ተናገረች።

«እቀበላለሁ።»

«ይቅርታ፣ አልሰማሁም» አለች ኖተሪዋ።

«ድርሻዬን እቀበላለሁ!»

ድምጿ ከቁጥጥሯ ወጥቶ ነበርና ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ወሬያቸውን አቋረጡ። ቩኮታ ፊቱ ነጣ።

«እቴ? በእኔ ላይ?»

«በአንተ ላይ አይደለም። ቤቴ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ እሞታለሁ፣ ቩኮታ።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«መቼ ጠየቅከኝ?»

ስታና ግማሿን ለራዶይካ ፈረመች። ቩኮታም ለቀረችው ሩብ ወረቀቱ እስኪሰረጉድ ተጭኖ ፈረመና ወጣ። ምሳም አልነበረም። ባርኔጣውን ረስቶት ነበር፤ ራዶይካ ሮጣ ብትወርድም መኪናውን አልደረሰችበትም። ቤት ወስዳ ከበሩ ጀርባ፣ አባቷ የራሱን ይሰቅልበት ከነበረው ምስማር ላይ ሰቀለችው።

መንደሩ እንደሚሆነው ሆነ። ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቆማል። የባለሱቁ ሚስት አንድ ቀን ጨው እየመዘነች «ዘንድሮ ወንድም ስንት ያወጣል?» አለቻት። ራዶይካ ጨውዋን ይዛ ወጣች፤ መንገድ ላይ ግን አለቀሰች። ደስ ይለኛል ብላ ያሰበችው ቤት ሰፍቶ ሰፍቶ አስፈራት። ስልክ ደወለችለት፤ አላነሳም።

የቅዱስ ኒኮላስ ዕለት ደረሰ፤ ቤተሰቡ ከአባት ወደ ልጅ ሲዘክረው የኖረው የቤታቸው ቅዱስ ነው። ስታና ሁለት ቀን ቀድማ መጥታ በጋቭሮ አልጋ ላይ ተንሰራፍታለች። የጾም ነውና ባቄላውና ዓሣው ተሰናድቷል፤ ዳቦው ተጋግሯል። ሻማው ብቻ አልበራም። ያን ሻማ የሚያበራው የቤቱ ወንድ ነው፤ ጋቭሮ እጁ ባልታዘዘለት ዓመታት እንኳ ቩኮታ እጁን ደግፎ ያስበራው ነበር። ከሥዕሉ ጀርባ የነበረውን ውሳኔ ኖተሪዋ መዝገቧ ላይ አስፍራዋለች፤ ሻማውን ማን እንደሚያበራ ግን የትም አልተጻፈም። ስድስት ሰዓት ሆነ።

«አብሪው እንግዲህ!» አለች ስታና። «ቅዱሱን ራበው፣ እኔንም ራበኝ።»

ራዶይካ ክብሪቱን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። በሩ ተንኳኳ።

ጎረቤት መስሏት ከፈተች። ቩኮታ ነው። ራሱ ላይ በረዶ አርፎበታል፤ በወረቀት የተጠቀለለ ረጅም የሰም ሻማ ይዟል።

«ባርኔጣዬን ልወስድ ነው» አለ።

«ለምን ታንኳኳለህ?»

«የሰው ቤት አይንኳኳም እንዴ?»

ሊወጋት ብሎ ነው ያለው፤ ድምፁ ግን መሐል ላይ ተሰበረ። ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ በግፊያ፣ በእርግጫ፣ በትከሻው የገባበት በር ነው፤ ሲያንኳኳው የመጀመሪያው ነው። ራዶይካ ያሸነፈችውም ያጣችውም በዚያች መንኳኳት ውስጥ ገብቶ ታያት፤ አዘነች። ባርኔጣውን ከምስማሩ ልታወርድ እጇን ዘረጋችና ተወችው።

«የቤቴ በር ለአንተ ሁልጊዜ ክፍት ነው» አለችው።

ወንድሞች ለእህቶች የሚሉት ነው። እህት ለወንድም ስትለው በዚያ ተራራ የሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቩኮታ አያት፤ የተቀለደበት መሰለው።

«ደግሞ አልጋህን አንጥፌዋለሁ» አለች፤ «ከትናንት ጀምሮ።»

«ኧረ በሩን!» ብላ ጮኸች ስታና ከውስጥ። «ክፍት ነው ማለትና ብርድ ማስገባት አንድ ነው እንዴ? ልትገድሉኝ ነው?»

ቩኮታ ጫማውን ደፉ ላይ አራግፎ ገባ፤ በሩንም ከውስጥ ዘጋው።