በእሳቱ ሰ የተጻፈው ሠርግ

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቅኔ ያስተማሩ የኔታ ናቸው። ዐይናቸው ሲደክም በየአገሩ የተበተኑት የድሮ ተማሪዎቻቸው ገንዘብ አዋጥተው ላፕቶፕ ገዙላቸው፤ ፊደሉን እንደ ልብ ማተለቅ ይቻላል ብለው ነው። እኔ ያኔ እዚያው ከተማ መሰናዶ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። የምኖረውም ከአባቴ ጋር ስለሆነ ማለማመዱ በእኔ ላይ ወደቀ።

ኢንተርኔታችን ላፕቶፑ ላይ የምትሰካ ትንሽ ዕቃ ነበረች፤ ደኅና የምትሠራው ማለዳ፣ ሰው ሳይነሣ ነው። ስለዚህ ኢሜይሉን አውርዶ ማሽኑ ላይ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ጫንኩላቸው። ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት የመጣውን አወርዳለሁ፤ እሳቸው ኔትወርክ ኖረም አልኖረ ሲያነቡ ይውላሉ። አንዱ ስለ ልጁ ክርስትና ይጽፋል፣ ሌላው አዲስ የተቀኘውን ይልካል። አባቴ በቅኔው ይደሰቱና በፊደሉ ይናደዳሉ። «ሥራ»ን በእሳቱ ሰ፣ «ጸሎት»ን በፀሐዩ ፀ የሚጽፍ ተማሪ መቼ አፈራሁ ይላሉ። ንጉሡን ሠ ለማምጣት ቁልፉን ሁለቴ መጫን እንደሚያስፈልግ፣ ሰውም በችኮላ እንደሚተወው ነገርኳቸው።

«ለንጉሥ ሁለቴ ማጎንበስ ምን ይከብዳል?» አሉ።

አንድ የጥር ቅዳሜ ልብስ ሳሰጣ ጠሩኝ። ገብቼ ሳይ ማሽኑ ፊት ተክዘው ተቀምጠዋል። አብልጠው የሚወዱት ተማሪያቸው ሊያገባ ነው። የአምበር ልጅ ነው፤ ከቅኔ ቤት ወጥቶ አዲስ አበባ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኗል። ጥሪው በኢሜይል ከመጣ ሰንብቷል፤ አባቴም አንብበውታል። ቀኑን ግን ረስተውታል፤ ድግሱ እሱ አገር አምበር ይሁን ሙሽሪት አገር ይጁቤ፣ እሱም ጠፍቷቸዋል። ደውለው ይጠይቁት ብላቸው አልወደዱም። ተጠርቶ ቀኑን የሚጠይቅ ሰው ጥሪውን ከቁም ነገር አልቆጠረውም ማለት ነው አሉኝ።

መፈለጊያው ላይ «ሠርግ» ብለው ጽፈዋል፤ መልሱ ምንም አልተገኘም ነው። ማሽኑ ሳይበላው አይቀርም ብለው ተስፋ ቆርጠዋል።

ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የመፈለጊያውን ማስተካከያ ስከፍት ፕሮግራሙ የሚፈልገው በመልእክቱ ርእስ ላይ ብቻ ነው። የአባቴ ተማሪዎች ደግሞ ሁሉም ርእሱ ላይ «ሰላም ለእርስዎ» ብለው ነው የሚጽፉት። መላ ጽሑፉን እንዲያይ አደረግኩት፤ አሁንም ባዶ። ለካስ የሚያየው የተከፈተውን ፎልደር ብቻ ኖሯል። አባቴ ደግሞ እኔ ሳላውቅ መልእክቶቹን እየጎተቱ በየፎልደሩ ከፋፍለዋቸዋል። ሁሉንም ፎልደር እንዲያስስ ሳዝዘው አንድ ሠርግ ብቅ አለ። የደምበጫ ዲያቆን ስለ ወንድሙ ሠርግ የጻፈው ነው።

«ይኸኛውማ ወልዶ ልጁን ክርስትና አስነሥቷል» አሉ አባቴ።

ይሄኔ ገባኝ። ዲያቆኑ የተገኘው እንደ አባቴ በንጉሡ ሠ ስለሚጽፍ ነው።

«አባዬ፣ የአምበሩ ልጅ ሠርግን በየትኛው ሰ ነው የሚጽፈው?»

ማሽኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

«አንቺ ጻፊው። እኔ አልጽፈውም።»

በእሳቱ ሰ ጻፍኩት፤ ወዲያው ወጣ። መጨረሻው ላይ ቅኔ ስላለበት አባቴ «ቅኔ» የሚል ፎልደር ውስጥ አስገብተውት ነበር። ሠርጉ በማግሥቱ እሑድ ነው፤ ድግሱም አምበር ነው። አባቴ ተነሥተው ጥምጥማቸው ታጥቦ እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ ሁለቱንም አጻጻፍ ባንድ ላይ ፈልጎ የሚሰበስብ ፎልደር ከፈትኩላቸውና ምን ልበለው አልኳቸው።

«ግድፈት በይው» አሉ ከጓዳ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሚኒባስ ሄድን። ዳሱ ሰፊ ነው፤ አባቴን ከካህናቱ ጋር አስቀመጧቸው። ሙሽራው ሲያያቸው ከነሱፉ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እናቱ ከኋላው መጥተው፣ «የኔታ፣ መልስ ስላልጻፉለት ይቀራሉ ብሎ ሲያዝን ነው የሰነበተው» አሏቸው።

«መልሴን በእግሬ ይዤ መጣሁ» አሉ አባቴ።

ካህናቱ ሣቁ። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲያ ብዙም አልበሉም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ቀስ ብለው፣ አንድ ሰው የጻፈውን ብቻ ለይቶ ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመጣ መፈለጊያውን በጸሐፊው ስም አደረግኩትና የሙሽራውን መልእክቶች ከጥንቱ ጀምሬ ደረደርኩላቸው። መልስ የተሰጠበት መልእክት አጠገቡ ትንሽ ቀስት እንደሚታይም አስረዳኋቸው። አባቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አንድም ቀስት የለም» አሉ።

«አልመለሱለትማ።»

«ቅኔውን ባነበብኩ ቁጥር ይበል ብያለሁ እኮ።»

«ለማን?»

«ለማሽኑ» አሉ።

ነገሩ ገባኝ። በቅኔ ቤት ተማሪው ይቀኛል፣ የኔታ ይሰማሉ፣ ይበል ይላሉ፤ ተማሪው ደስ ብሎት ይሄዳል። አባቴ ይህንኑ ሲያደርጉ የኖሩ መስሏቸዋል። ለዓመታት ጠረጴዛቸው ላይ ብቻቸውን ይበል ይበል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔም የሚጸልዩ ይመስለኝ ነበር።

ያን ሳምንት መምህሩ ተማሪ ሆኑ። በአንድ ጣት ፊደል እየለቀሙ፣ ከመጀመሪያው መልእክት ጀምረው ለእያንዳንዱ መልስ ጻፉ። መልስ የሌላቸው ብቻ እንዲታዩ አድርጌላቸው ስለነበር አንዱን በጨረሱ ቁጥር ከፊታቸው ይጠፋል፤ ይህም ልባቸውን ሞላው። የጻፉትን ሁሉ ዓርብ ማለዳ፣ ኔትወርኩ ሲመጣ፣ ባንድ ጊዜ ላክሁት።

ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ሙሽራው ነው።

«እህቴ፣ የኔታ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው። ምነው?»

«ወባ ታምሜአለሁ ብዬ ጽፌላቸው ነበር፤ አራት ዓመት ያልፈዋል። አሁን እግዚአብሔር ይማርህ፣ ፈሳሽ አብዝተህ ጠጣ አሉኝ።»

ሣቄን ዋጥ አድርጌ ደኅና መሆናቸውን ደግሜ ነገርኩት። እሱ ግን አልሣቀም። ሙሽሪት አጠገቡ ሆና መልሶቹን አንድ ባንድ እንዲያነብላት እየለመነችው መሆኑን ነገረኝና፣ አባቴ ስለ ቅኔዎቹ የጻፉለትን ስትሰማ፣ ከዚያ በፊት አይታው እንደማታውቅ ሰው አተኩራ እንዳየችው አጫወተኝ። ቤት ስገባ ለአባቴ እንዳለ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ማሽኑን ወደ እኔ አዞሩና የደምበጫውን ዲያቆን ስም መፈለጊያው ላይ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ።