እስከ እሁድ ድረስ፣ በረዶ ላይ

ተራራው ላይ የነበርነው እነዚህ ነን። አያቴ፣ የአባቴ እናት። አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ እኔ ጋሼ የምለው። የአጎቴ ሚስት፣ እቴቴ የምላት። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጃቸው። እኔ። ሌላ ማንም አልነበረም። አንዳንድ ዘመዶች «እኛም አብረን ነበርን» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እነሱ የመጡት እሁድ ዕለት፣ ለንደን፣ ቤታችን ነው።

የምንኖረው ካሌዶኒያን ሮድ አጠገብ ካውንስሉ፣ የሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት፣ በሰጠን ፍላት ውስጥ ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ አብዛኛውን ጊዜ የማይሠራ። አጎቴ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። የጋራዡ ሠራተኞች በየዓመቱ ቅዝቃዜው ሲጠና ቤተሰባቸውን ይዘው ስኮትላንድ ተራራ ላይ ለበረዶ ሸርተቴ ይሄዳሉ፤ ያን ዓመት አጎቴም አፕላይ አድርጎ ተራ ደረሰው። እኔ ከላይብረሪ ስለ ሸርተቴ የሚያስተምር መጽሐፍ ተዋስኩ። ጉልበት እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ለመቆም ጣቶች ወደ ውስጥ፣ ተረከዝ ወደ ውጭ እንደሚገፋ ሥዕሉን እያየሁ ኮሪደሩ ላይ በካልሲ ተለማመድኩ። አያቴ ከሳሎኑ በር ላይ ሆነው ያዩኝና «ይኼ ልጅ እንደ ሰው መራመድ ሰለቸው እንዴ?» ይሉ ነበር።

ልንሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረን የአባቴ ሞት ተሰማ።

አባቴን ደርግ ካሰረው ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። ወሬውን ያመጣው በሮም በኩል የመጣ ሰው ነው፤ ጋራዡ ድረስ ሄዶ ለአጎቴ ነገረው። አጎቴ ደግሞ ለእኔ ደረጃው ላይ ነገረኝ። የድንች ከረጢት ይዞ እየወጣ ነበር፤ ልረዳው ወርጄ ነው ያገኘሁት።

«ስማኝ» አለ። «አባትህ ዐርፏል። እዚያው እስር ቤት፣ ታሞ ነው አሉ። አሁን እንዳታለቅስ። ፊትህ ካበጠ እማዬ ታውቃለች።»

«እሺ» አልኩ።

የከረጢቱን አንድ ጫፍ ያዝኩለትና ወጣን። አያቴ በሩን ከፍተው «ይኼ ሁሉ ድንች ለማን ነው?» አሉ። ጾም ስለነበረ ለእሳቸው ነበር። እራት ላይ ድንቹን በላሁ። ጨው አንሶት እንደነበር አስታውሳለሁ።

ለእናት መርዶ እንዲሁ ዱብ አይደረግም። በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዝና የሚደግፍ ሰው ባለበት ነው። ለንደን ደግሞ ሰው የሚሰበሰበው ሥራ በማይገባበት ቀን ብቻ ነው። ክላፋም ሰፈር የሚኖሩ፣ በእንዲህ ዓይነት ነገር ሁሉም ምክራቸውን የሚቀበላቸው አንድ አዛውንት እሁድ ይሁን ብለው ቆረጡ። አጎቴ በስልክ ጉዞውን እንደሚተወው ቢነግራቸው አልተስማሙም። ተቀባዩን ከጆሮው ራቅ አድርጎ ይዞት ስለነበር ድምፃቸው ለእኔም ይሰማ ነበር።

«ምን ብለህ ልትተወው ነው? እናትህ ሞኝ ናቸው? ይልቅ ይዘሃቸው ሂድ። እዚህ ከዋላችሁ አንዱ ሳያውቅ ደውሎ እግዜር ያጥናችሁ ይላቸዋል። ተራራ ላይ ማን ይደውላል?»

ስለዚህ ሄድን። የምናውቀው ሦስት ነበርን፤ አጎቴ፣ እቴቴና እኔ። የማያውቁት አያቴና ልጅቷ። ሥራችን ነገሩን እስከ እሁድ ከአያቴ ደብቆ ማቆየት ነበር።

ያረፍንበት ቤት ከእንጨት የተሠራ ነበር፤ ሁለት ክፍል፣ በመስኮቱ ላይ በረዶ የተጋገረበት። በማግስቱ ጠዋት አያቴ ዳዊታቸውን ደግመው ሲጨርሱ አጎቴን አተኩረው አዩት።

«ጢምህን ምነው? ሐዘንተኛ መስለሃል እኮ።»

አጎቴ እጁን ወደ አገጩ ወሰደ። አላወቀም ነበር። ወሬውን ከሰማ ጀምሮ ምላጭ አልነካም፤ ማንም አላዘዘውም፤ ወንድም ሲሞት ጢም ስለማይላጭ እጁ በራሱ ትቶት ነበር።

«ለብርዱ ብዬ ነው፣ እማዬ» አለ።

«ብርድ ጢም ላይ ነው የሚገባው? ተላጭ! ነጮቹ ምን ይሉናል?»

መታጠቢያ ቤት ገብቶ ተላጨ። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ይሰማ ነበር። ሲወጣ አገጩ ሥር ተቆርጦ ወረቀት ለጥፎበታል። እቴቴ ወደ ሌላ በኩል ዞረች። እኔ ጫማዬን ማሰር ቀጠልኩ።

የሚከራየው የበረዶ ልብስ ቀይና ቢጫ ብቻ ነበር። ገና ያልተለቀሰለት አባት ያለው ሰው ቀይ ይለብሳል ወይ ብዬ አላሰብኩም፤ ልክ የሚሆነኝን ቁጥር ነው የፈለግኩት። እቴቴ ግን እምቢ ብላ የራሷን ጥቁር ካፖርት ለበሰች።

አያቴ ከላይ እስከ ታች አይተዋት ሳቁ። «ሁላችን አበባ መስለን አንቺ ለቅሶ ቤት ልትሄጂ ነው?»

«ሌላው አልበቃኝም፣ እማማ» አለች እቴቴ።

«ውፍረቱ መቼ መጣ?»

እኛ አያቴ ከታች ካፌው ውስጥ ሆነው ያዩናል ብለን ነበር። እሳቸው ግን በቀሚሳቸው ላይ ቀዩን ጃኬት ደርበው፣ ነጠላቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጠምጥመው ወጡ። የሕፃናቱ መለማመጃ ቁልቁለት ላይ አጎቴ በግራ፣ እኔ በቀኝ ያዝናቸው። ልጅቷ ወደ ኋላ እየተንሸራተተች ከፊት ቆመች።

«እማማ፣ ጉልበትዎን ቤንድ ያድርጉ! ሎው! ዝቅ ይበሉ!»

«ጉልበቴ እኮ ከታጠፈ አይዘረጋም፣ ልጄ!»

«ካም ኦን፣ እማማ!»

ለቀቅ ስናደርጋቸው ተንሸራተቱ። ትንሽ መንገድ ነበር፤ የአንድ አውቶቡስ ርዝመት ቢሆን ነው። «ያዙኝ! ኧረ በእመቤቴ፣ ያዙኝ!» እያሉ በሳቅ ፈረሱ። አጎቴም ሳቀ። እኔም አፌን ከፈትኩ። ያኔ ነው አያቴ «ፎቶ አንሱኝ፤ ለልጄ ልላክለት። እናቱ አብዳለች ብሎ ይስቃል» ያሉት። እቴቴ ካሜራውን አነሳች። ለረጅም ጊዜ ዓይኗን ከካሜራው ጀርባ አላነሳችም።

ከሰዓት በኋላ ካፌው ውስጥ ጥቁር ሻይ እየጠጡ ደግሞ ተራራው ያለበት ፖስትካርድ ገዙና ከፊቴ አኖሩት።

«የአንተ ጽሕፈት ያምራል፤ ጻፍ። በዚያ በኩል የሚሄድ ሰው ስናገኝ እንልከዋለን። ልጅህ ጎርምሷል በል። በራሱ አንብቦ ሁሉን ነገር ያውቃል በል። ሲወድቅ አይቼዋለሁ፣ ሲነሳም አይቼዋለሁ በል።»

የነገሩኝን ሁሉ ጻፍኩ። ቦታው ጠባብ ስለነበር ፊደሎቹን አሳነስኳቸው። አንድ ቃል ላይ ቀለም ፈሰሰ፤ በማንኪያ ጀርባ ፋቅሁት። ለሞተ ሰው እየጻፍኩ መሆኔን አውቄያለሁ፤ ያሳሰበኝ ግን መስመሩ እንዳይጣመም ነበር።

ቅዳሜ ማታ ለንደን ገባን። እሁድ ገና ጎህ ሲቀድ የበሩ ደወል ተደወለ። ከክላፋም አዛውንቱ፣ ከስትሪትሃም የእቴቴ ዘመዶች፣ ከጋራዡም ሁለት የአገር ሰዎች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። በሩን የከፈቱት አያቴ ራሳቸው ነበሩ። ሰዎቹን አዩ፣ ዞረው አጎቴን አዩ፤ እሱ ቆሟል። ከእሱ ሌላ ያላቸው ልጅ አባቴ ብቻ ነው። አዛውንቱ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት አያቴ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

የሆነውን ለቅሶ አልገልጸውም። ሲበርድ ግን ቀና ብለው «መቼ ነው የሰማችሁት?» አሉ።

አዛውንቱ «አይ፣ ትናንት ነው እንጂ...» ብለው ጀመሩ።

«ከመሄዳችን በፊት ነው» አልኩ እኔ።

አጎቴ አንገቱን ደፋ። አያቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተም ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ያን ሁሉ ቀን?»

«አዎ።»

«ታዲያ የት አለቀስክ፣ ልጄ?»

አሰብኩ። በእውነት አሰብኩ፤ ደረጃውን፣ አውቶቡሱን፣ የእንጨቱን ቤት። «የትም» አልኩ።

እጄን ስበው ዋናው ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት ከጎናቸው አስቀመጡኝ። «ለእሱ አልቅሱለት። አባቱ ነው» አሏቸው። ሰዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረው እንደ አዲስ አለቀሱ። እኔ በሩ አጠገብ የተከመረውን ጫማ እያየሁ ተቀመጥኩ።

እኔ የማስታውሰው ይህን ነው። እናንተ የነበራችሁ ግን የጎደለውን ሙሉበት። ጋሼ፣ ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አያቴ አንተን ጠርተው በጆሮህ የነገሩህን አልሰማሁም። አንቺ ደግሞ፣ ትንሿ፣ አሁን አድገሽ የምትዪኝ ሌላ ነው፤ በመጨረሻው ቀን ከትልቁ ቁልቁለት ስወርድ ወድቄ፣ ፊቴን በረዶው ውስጥ ቀብሬ ብዙ እንደቆየሁ፣ ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ አይተሽ እየሳቅኩ መስሎሽ አብረሽኝ እንደሳቅሽ። እኔ መውደቄንም አላስታውስም። እቴቴ፣ አንቺ ከታች ቆመሽ ነበር። ስነሳ ፊቴን ካየሽው ምን ይመስል እንደነበር ከዚህ በታች ጻፊልኝ።