የአስተማሪ ፍሬን

ከእንጦጦ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ የተቃጠለ ፍሬን ሲሸተው ደስ የሚለው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ባለፈው እሑድ አባዬን ከቤተ ክርስቲያን ይዤው ስመለስ ያ ሽታ ከስር ተነሥቶ መኪናውን ሞላው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። አንድ ጎረምሳ መስኮቱን ለመክፈት ታገለ፤ መስኮቱ እንደ ልማዱ እምቢ አለ። አባዬ ደግሞ ከዘራውን በሁለት እጁ እንደ መሪ ጨብጦ፣ በቀኝ እግሩ ወለሉን እየረገጠ፣ እዚያ የሌለ ፍሬን ይይዛል።

"ማርሽ ይቀንስ በይው" አለኝ፣ ድምፁን ግን ራሱ ሳይቀንስ። "ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ይወረዳል እንዴ?"

ሾፌሩ በመስታወቱ ገላመጠን። እኔ ሳቄን ዋጥኩት። ይህን ትምህርት መጀመሪያ የተማርኩት መኪና ላይ እንዳልነበር ሾፌሩ በምን ይወቅ? ቆይ፣ ላንተ ልንገርህ።

አባዬ የመኪና ማሽከርከር አስተማሪ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከተማሪው በስተቀኝ ተቀምጦ፣ ሰው መሪ ይዞ ሲንቀጠቀጥ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። የማስተማሪያ መኪና በአስተማሪው በኩል አንድ ተጨማሪ ፍሬን አላት፤ ተማሪው ሲደናገጥ አስተማሪው እሷን ይረግጣል። አባዬ በዚህች ዓለም ከተሠራ ነገር ሁሉ እንደዚያች ፍሬን የሚያከብረው አልነበረም። እማዬ ሲጨቀጭቃት "እኔም ላይ አንድ ግጠምና ይውጣልህ" ትለው ነበር።

ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ፣ ታክሲ "ከዚህ በላይ አልወጣም" ከሚልበት ቦታ ትንሽ አለፍ ብሎ ነበር። ከአጥራችን ጀርባ ባሕር ዛፉ ይጀምራል። በክረምት ማለዳ ጭጋጉ እስከ ልብስ ማስጫው ይወርድና እማዬን ያናድዳታል። ከዛፎቹ መሐል ደግሞ አንዲት የእግር መንገድ ትወርዳለች። ትልልቆቹ የሰፈር ልጆች በሳይክል እየጮኹ ሲወርዱባት፣ የደረቀው ቅጠል ከኋላቸው ሲበተን፣ እኔ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ አያቸው ነበር። ያን ጊዜ ምን እንደምፈልግ ብትጠይቀኝ ሌላ መልስ አልነበረኝም። እዚያች መንገድ ላይ፣ ብቻዬን፣ ማንም ሳይዘኝ መውረድ።

ከዚያ ሳይክሉ መጣ። ከአባዬ ተማሪዎች አንዱ፣ በፈተናው ደጋግሞ የወደቀ ሰውዬ፣ በመጨረሻ መንጃ ፈቃዱን ሲያገኝ በደስታ የድሮ ማውንቴን ሳይክሉን ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ሰጠን። ቀለሙ ቀይ ነበር፤ ቢያንስ የተረፈው። ወንድሜ ኮርቻው ላይ ጉብ ብሎ ከበሩ ሊወጣ ሲል አባዬ ከኋላ በጃኬቱ አንጠልጥሎ አወረደው።

"መንጃ ፈቃድ ሳትይዙ ከግቢ አትወጡም።"

እኛ የሚቀልድ መስሎን ሳቅን። እሱ እየቀለደ አልነበረም።

መጀመሪያ ቲዮሪ ተማርን። ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፎ፣ እኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠን፣ አባዬ በዱላ እየጠቆመ ያስተምራል። ከመውጣት በፊት ሳይክሉን ዞሮ ማየት፣ ጎማ መርገጥ፣ ከስር ጎንበስ ብሎ ማረጋገጥ። "ከስሩ ምን ይኖራል?" አለ ወንድሜ። "ድመት" አለ አባዬ፣ ለደቂቃም ሳያስብ። ከአንድ አሮጌ ታክሲ የተነቀለ ስፖኪዮ አምጥቶ መሪው ላይ በሽቦ አሰረልን። በዚያ መስታወት ውስጥ ሁልጊዜ የሚታየኝ የራሴ ጆሮ ነበር። ቢሆንም ከመነሣቴ በፊት ጆሮዬን አይቼ "ነፃ ነው!" ማለት ግዴታዬ ነበር።

ከዚያ ፓርኪንግ መጣ። በሁለት ቢጫ ጀሪካኖች መሐል በኋላ ማርሽ መግባት።

"ሳይክል የኋላ ማርሽ አለው እንዴ?" አለች እማዬ ከልብስ ማስጫው ሥር።

"እሱ ከሌለው የእነሱ ጥፋት አይደለም። መማር አለባቸው።"

ስለዚህ ከሳይክሉ ወርደን፣ እጃችንን ዘርግተን ለጎረቤት ዶሮዎች ምልክት ሰጥተን፣ ሳይክሉን እየገፋን ወደ ኋላ እንገባ ነበር። እስከ ዛሬ መኪና ሳቆም አንድም ሰው አይስቅብኝም፤ ይህን ልመሰክርለት ይገባል።

ደግሞ ፍትሐዊ ልሁንና፣ የሚረባም ነገር አስተምሮናል። በጡብ ላይ ጣውላ ዘርግቶ በላዩ አስነዳን፤ "ጣውላውን አትዩት፣ መጨረሻውን እዩ" ይላል። እማዬ የምታሰጣው አንሶላ ሥር አጎንብሰን እንድናልፍ አደረገን፤ ጫካ ውስጥ የሚጠብቀን ቅርንጫፍ መሆኑ ነው። የታጠበውን አንሶላ በጭንቅላቱ የነካ ሰው በአባዬ ሕግ ነጥብ ይቀነስበታል፣ በእማዬ ሕግ ደግሞ ራት። በዚያ ላይ ጎረቤታችን የሆነው የግንባታ ፎርማን ያዋሰን ቢጫ የሥራ ኮፍያ ጭንቅላታችን ላይ አለ። ውስጡን በካልሲ ብንሞላውም፣ ጎንበስ ባልን ቁጥር ዓይናችን ላይ ይወርድና ቀሪውን በእምነት እንነዳለን።

ከሁሉ የሚከብደው የበረንዳው ሦስት ደረጃ ነበር። በእነሱ ላይ እየነዱ መውረድ፦ ክንድ ላላ፣ ጉልበት እጥፍ፣ መቀመጫ ወደ ኋላ። አባዬ ይህን ያሳየን በእግሩ ነው። ምንም ያልያዘ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ መቀመጫውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ በአፉ የጎማ ድምፅ እያሰማ ደረጃውን ይወርዳል። አንድ ቀን የዕቁብ ብር ልትሰበስብ የመጣች ጎረቤት በሩ ላይ ሆና አይታው፣ እማዬን ወደ ጥግ ስባ "ምነው፣ ወገቡን ነው?" አለቻት።

"አባዬ፣ አንተ በሳይክሉ ላይ አሳየና" አልኩት አንዴ።

ኮስተር አለ። "አስተማሪ መሪ አይነካም።"

ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። አስተማሪ ማለት ከችሎታው ብዛት ማሳየት የማያስፈልገው ሰው ነው ብዬ ለወንድሜ አስረዳሁት። ወንድሜም ለሰፈር ልጆች ሁሉ አባታችን በአንድ ጎማ እንደሚነዳ ነገራቸው።

ችግሩ ገመዱ ነበር። አባዬ ሳይክል የአስተማሪ ፍሬን እንደሌለው ሲገባው እንቅልፍ አጣ፤ ከዚያ ከእማዬ የልብስ ማስጫ ላይ ረዘም ያለ ሰማያዊ ገመድ ቆርጦ ከኮርቻው ሥር አሰረው። የገመዱን ጫፍ በእጁ ጠቅልሎ ከኋላችን ይሮጣል፤ ፈጠን ስንል ይጎትተናል። "ፍሬን!" ይልና ይስባል፤ እኛም ዘጭ እንላለን። ሳይክሉ ራሱ ከጣለን ይልቅ ገመዱ ከአደጋ ሊያድነን ብሎ የጣለን ይበልጣል።

የፈተናው ቀን ፈታኟ እማዬ ነበረች። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ፈተነችን። ወንድሜ ፓርኪንግ ሲገባ ጀሪካኑን ገጨና ወደቀ፤ አለቀሰ፤ ይግባኝም ጠየቀ። እኔ ሁሉንም አልፌ፣ አንሶላውን ሳልነካ፣ ደረጃውን ወርጄ ቆምኩ። እማዬ ቀና ሳትል "አልፋለች። ገመዴን መልሱልኝ" አለች።

ገመዱ ግን አልተመለሰም።

ቅዳሜ ጠዋት ሳይክሉን እየገፋን ወደ ጫካው ወጣን። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ የባሕር ዛፉ ሽታ አፍንጫ ያቃጥላል፤ ፀሐይዋ በግንዶቹ መሐል በገባችበት ሁሉ መሬቱ ያጤሳል። መንገዷ ከምትጀምርበት ቦታ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ሸክማቸውን ተረተሩ ላይ አስደግፈው አረፍ ብለዋል። ትልልቆቹ የሰፈር ልጆችም እዚያው ናቸው። እኔ ኮፍያዬን ደፍቼ፣ ጆሮዬን በስፖኪዮው አይቼ "ነፃ ነው!" ስል አባዬ ከጃኬቱ ውስጥ ያን ሰማያዊ ገመድ ሲያወጣ በዚያው መስታወት አየሁት።

"አባዬ፣ አልፌያለሁ እኮ!"

"አዲስ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው መጀመሪያ ከአስተማሪው ጋር ነው የሚወጣው" ብሎ ከኮርቻው ሥር አሰረው።

ከልጆቹ አንዱ "በጓ ስንት ነች?" ብሎ ጮኸ። ሁሉም በሳቅ ወደቁ። ከእንጨት ተሸካሚዎቹ አንዷ፣ ጥርሳቸው ፍንጭት የሆነ ትልቅ ሴት፣ "አንተ ወንድሜ፣ ልጅቷን ገበያ ልታወጣት ነው እንዴ?" አሉት። ፊቴ ነደደ። ማልቀስ ጀመርኩ፤ ኮፍያው ዓይኔ ላይ ስለወረደ ማንም አላየኝም። እንባዬን በእጅጌዬ ስጠርግ ግን አባዬ ጎንበስ ብሎ ከኮፍያው ሥር አየኝ። ወደ ኋላዬ ሄደ።

"ተነሺ" አለኝ። "እኔ ይዤሻለሁ።"

ተነሣሁ። መጀመሪያ ቀስ ብዬ፣ ከዚያ መንገዷ ራሷ ወሰደችኝ። ከኋላዬ የአባዬ ጫማ ቅጠሉን ሲረመርም፣ ሲያለከልክ ይሰማኛል፤ "ይዤሻለሁ! ይዤሻለሁ! መቀመጫ ወደ ኋላ!" ይላል። መቀመጫዬን ወደ ኋላ ሰደድኩ። ቅርንጫፍ መጣ፤ አንሶላ ነው ብዬ አጎነበስኩ። የወደቀ ግንድ ላይ ሰዎች ጣውላ አስደግፈውበታል፤ መጨረሻውን አይቼ አለፍኩ። ድንገት አንድ አህያ መንገዱ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ግራ እጄን ዘርግቼ በሕጉ መሠረት ምልክት ሰጠሁት። አህያው ፈቀቅ አለ፤ እውነቴን ነው። የሚጎትተኝ አልነበረም። የአባዬ ድምፅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ፤ ከዚያ የነፋሱና የጎማው ብቻ ቀረ። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ደስ ብሎኛል፤ ተመርቄያለሁ፣ ወልጃለሁ። የዚያን ጠዋት ደስታ ግን የት እንደማስቀምጠው እስካሁን አላውቅም።

ታች ስደርስ ሁለቱንም ፍሬን ጨምድጄ ያዝኩና ቆምኩ። የፍሬኑ ጎማ ሽታ፣ ያ የተቃጠለ ሽታ፣ ከፊቴም ከኋላዬም ተነሣ። "አባዬ፣ አየኸኝ?" ብዬ ዞርኩ። ከኋላዬ ማንም የለም። ሰማያዊው ገመድ ብቻ ቅጠልና ጭቃ ጠቅልሎ መሬት ላይ ተዘርግቷል።

ሳይክሉን እየገፋሁ ስወጣ አባዬን መንገዱ አጋማሽ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ ወንድሜ አንድ ጫማውን ታቅፎ ከጎኑ ቆሟል፤ ፍንጭቷ ሴት ቁርጭምጭሚቱን እያሹለት ይስቃሉ።

"ገመዱ አመለጠኝ" አለኝ ቶሎ ብሎ።

"ውሸቱን ነው!" አሉ ሴትየዋ። "ገና ከላይ ነው የጣለው። ባዶ እጁን ዘርግቶ 'ይዤሻለሁ፣ ይዤሻለሁ' እያለ እንደ እብድ ሲሮጥ ነው የወደቀው!"

አባዬ የተቀደደውን ሱሪውን አየ። ወንድሜ ነው ያዳነን፤ "በቃ አባዬ፣ እግርህን ካመመህ በሳይክሉ ውረድ። በአንድ ጎማ ውረድ!" አለ።

አባዬ ጫማውን ከወንድሜ እጅ ወሰደ። ከዚያ "ሳይክል ላይ ወጥቼ አላውቅም" አለ፣ ለጫማው የሚናገር በሚመስል ድምፅ። "በልጅነቴ የሚያስተምረኝ ሰው አልነበረም።"

ወንድሜ አፉን ከፍቶ ቀረ። በአንድ ቅጽበት ስንት የሰፈር ልጅ ፊት ውሸታም እንደሆነ እያሰላ ነበር መሰለኝ። ከዚያ መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አላውቅም፤ አራታችንም ጫካውን በሳቅ ሞላነው። አባዬን ኮርቻው ላይ አስቀምጠን፣ እኔ በግራ ወንድሜ በቀኝ ደግፈን እየገፋን ወደ ቤት ወረድን። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ባለ ሥልጣን ይመስል እጁን ዘርግቶ ምልክት ሰጠ። እማዬ በሩን ከፍታ ሦስታችንንም አየችን፣ ሱሪውን አየች፣ ገመዷንም ጭቃ ለብሶ አየችው።

"እሱ እኮ ሳይክል አይችልም" አለች። "ማን ጠየቀኝ?"

ባለፈው እሑድ ሚኒባሱ እኔንና አባዬን አወረደንና በቀስታ ወደ ቤት ተጓዝን። እማዬ ካረፈች ወዲህ ልብስ ማስጫው ባዶ ነው፤ ተቀጥሎ የተመለሰው ሰማያዊ ገመድ ግን ከነቋጠሮው አለ። ወንድሜ አያት ሰፈር ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው፤ አባዬን "ደረጃ የሌለበት ቤት ና፣ ምድር ቤት ነኝ" እያለ ይለምነዋል። አባዬ አይሰማም። እግሩ ግን ዘንድሮ ከድቶታል። ከዶክተሩ ከተመለስን ወዲህ ክንዱን ሳልይዘው የበረንዳውን ደረጃ አላስወጣውም፤ እሱም እየያዝኩት በወጣ ቁጥር ቀኑን ሙሉ አያናግረኝም።

የመጀመሪያው ደረጃ ሥር ስንደርስ ቆመ።

"ልቀቂኝ" አለ።

"አባዬ፣ ዶክተሩ እኮ..."

"ፈተናውን አልፌያለሁ" አለ። እየቀለደ አልነበረም።

ክንዱን ለቀቅኩት። ከዘራውን ተክሎ መጀመሪያው ላይ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ጉልበቱ ታጠፈ፣ መቀመጫው ወደ ኋላ ሄደ፤ ግን ቀና አለ። ባዶ እጆቼን ከወገቡ በትንሹ አርቄ፣ ሳልነካው፣ ከኋላው ወጣሁ።

"ይዤሃለሁ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ፣ ወደ ኋላ ሳያይ።