ሳይጠየቅ የተወሰደ ፊት

አፌ ክፉ ነው ይላሉ። እናቴ ትላለች፣ ሠፈሩም ይላል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ኮምቦልቻ ወርጄ አንድ ልብስ ፋብሪካ ተቀጥሬ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላኝ አለቃዬን «ስትቆጪ አፍንጫሽ ካንቺ ቀድሞ ይደርሳል» አልኳት። ለሰው ሥራውን ለቀቅኩ ብዬ ነው የማወራው፤ እውነቱን ለመናገር አባረሩኝ። ልብሴን በፌስታል አንጠልጥዬ፣ የሐረጎን አቀበት በሚኒባስ ወጥቼ ደሴ፣ ሆጤ ሠፈር እናቴ ቤት ገባሁ።

እናቴ ሥራ የፈታ ሰው ቤቷ ውስጥ ሲንጎራደድ ማየት አትወድም። በሦስተኛው ቀን «ሂጂና ለጎረቤታችን ጋዜጣ አንብቢላቸው» አለችኝ። «አፍሽ ለአንድ ሰው እንኳ ይጥቀም።»

ጎረቤታችን ሠዓሊ ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። በልጅነታቸው የሥጋ ቤት በር ላይ በሬ፣ የጠጅ ቤት ግድግዳ ላይ ብርሌ የጨበጠ ሰው እየሣሉ አደጉ። ከዚያ አዲስ አበባ ሄደው ጋዜጣ ላይ ካርቱን መሥራት ጀመሩ። ያኔ ይህን የሚሠራ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ደሴ ከተመለሱ በኋላ ጦሳን በዘይት ቀለም ደጋግመው ሥለዋል፤ አንዴ ጉም ለብሶ፣ አንዴ ጉሙ ተገፎ። እኔ ከተራራዎቹ ይልቅ ካርቱኖቹን እመርጣለሁ። ነግሬያቸዋለሁም። ካርቱኖቹ አልጋቸው ሥር በሳሙና ካርቶን ውስጥ ነው ያሉት። ማመልከቻ ይዞ ቢሮ በር ላይ ሲጠብቅ ጺሙ መሬት የደረሰ ሰው አለ። ሳንሱር በቀይ እርሳስ የሰረዛቸው፣ ማንም ያላያቸውም አሉ።

የጋሼ ዓይን መሐሉ ጠፍቷል። ዳር ዳሩን ብቻ ያያሉ። ስለዚህ እንደ ዶሮ አንገታቸውን ወደ ጎን አዙረው ነው ወረቀቱን የሚያዩት። ወረቀቱ ትልቅ ከሆነና ከሰል ከያዙ እጃቸው ዛሬም ይሄዳል። የሰው ፊት ግን አይታያቸውም። የእኔንም ፊት አይተውት አያውቁም።

የመጀመሪያው ቀን ጋዜጣው አሰልችቶኝ በመስኮት ወደ ውጭ ሳይ፣ «ማናት ያለፈችው?» አሉኝ።

«አንዲት ሴት ናት።»

«ሴት መሆኗንማ በጫማዋ ድምፅ አወቅኩ። ምን ትመስላለች?»

«ዣንጥላዋን የያዘችው ሰው ልትመታበት ነው የሚመስለው። አገጯ ቀድሞ ይሄዳል፣ የቀረው ሰውነቷ እየተጎተተ ይከተላል።»

ከሰሉን ብድግ አደረጉ። ሲጨርሱ አየሁትና ጮህኩ። «ወላሂ እሷ ናት! ጋሼ፣ ቁርጥ እሷ!»

«ማነው ክፉ አፍ ያለሽ?» አሉ። «ሰው ሁሉ ‹አንዲት ሴት› ብሎ ያልፋል። ነገም ነይ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ጋዜጣው ቀረ። እኔ እናገራለሁ፣ እሳቸው ይሥላሉ። በሕይወቴ ሰው «ዝም በይ» ሳይሆን «ቀጥይ» ሲለኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

አንድ ቀን ካርቶኑን ስበረብር አንድ የጋዜጣ ቁራጭ አገኘሁ። ካርቱኑ የመጋዘን ኃላፊ ነው፤ ከጋቢው ሥር የእህል ጆንያ ደብቆ ይወጣል። «ጆሮው እንደ ተከፈተ መስኮት ወደ ፊት ወጥቷል» ብዬ ጀመርኩ። «አንዱ ቅንድቡ ከሌላው ከፍ...»

«ተይው» አሉ። ቆይተው ራሳቸው ነገሩኝ።

ያ ፊት የጓደኛቸው ነው። ሁለቱም የወሎ ልጆች፣ አዲስ አበባ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ጓደኛቸው ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል እየለቀሙ የሚደረድሩ ሠራተኛ ነበሩ። ጋዜጣው ለማግስቱ የመጋዘን ሌባ ሥዕል ፈለገ። «ፊት አጣሁ» አሉ ጋሼ። «እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል። ጆሮውንም ቅንድቡንም ወሰድኩ። ሰው ይለየዋል ብዬ አላሰብኩም።»

ሰው ሁሉ ለየው። በማተሚያ ቤቱ «ሌባው መጣ» ይባል ጀመር። ይባስ ብሎ ጓደኛቸው ሽማግሌ ልከው የጠየቋት ልጅ ነበረች። አባቷ ጋዜጣውን አዩና «ልጄን ለዚህ አልሰጥም» አሉ። ጓደኛቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው ኮምቦልቻ ወረዱ፤ እዚያው ሠርተው፣ እዚያው ሌላ አግብተው፣ እዚያው አረጁ።

ጋሼ ለእርቅ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልከዋል። ሦስቱንም ጊዜ የመጣው መልስ አንድ ነው። «ፊቴን ይመልስልኝ፤ ያኔ አፉ እለዋለሁ።»

«ሽማግሌዎቹ እምቢታ መሰላቸው» አሉ ጋሼ። «እኔ ግን ገባኝ። ፊቱን የራሱ አድርጌ ልሥልለት ነው የሚገባኝ። ዛሬ ነገ ስል ዓይኔ ቀደመኝ። አሁን ዳሩም እየጠበበ ነው።»

«እኔ ሄጄ አያቸዋለሁ» አልኩ።

ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሽማግሌዎቹ እንደነገሩን ሰውዬው በልጃቸው ልብስ ስፌት ቤት ደጃፍ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሽርጥ፣ ነጭ ቆብ። ፊት ለፊት ካለው ጭማቂ ቤት ሆኜ አየኋቸው። አፋቸው ወደ ውስጥ ሰምጧል። አንዱ የዓይናቸው ቆብ ወድቋል። ዝንብ ለማባረር ያነሱት እጅ እየተንቀጠቀጠ የት እንደሚያርፍ ይጠፋዋል። አሳዘኑኝ። ስለዚህ ተመልሼ ለጋሼ «ጺማቸው ነጭ፣ ፊታቸው ኑር ያለበት፣ ረጋ ያሉ አባት ናቸው» አልኩ።

ጋሼ ሣሉ። ሲጨርሱ ከሰሉን አስቀመጡና «ዋሽተሽኛል» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«እጄ አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። ይሄ የማንም ሽማግሌ ነው። ያኔ የሌላ ሰው አደረግኩት፤ ዛሬ ደግሞ የማንም ላድርገው?»

ወላሂ ያን ቀን አፈርኩ። ስሳደብ ያላፈርኩት ሴትዮ፣ ሳሞግስ አፈርኩ።

በማግስቱ እንደገና ወረድኩ። ጭማቂዬን ሳልጀምር ሰውዬው በከዘራቸው ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ሁለተኛሽ ነው። ለልጄ ከሆነ አግብቷል። ለእኔ ከሆነ ዘግይተሻል።»

ልብስ ሰፊው ልጃቸው ከውስጥ ሳቀ። እኔ ዙሪያ ጥምጥም አልችልበትም። «ፊትዎን ለማየት ነው የመጣሁት» አልኩ። «የወሰዱት ሰውዬ ሊመልሱልዎ ይፈልጋሉ።»

ከዘራው ቆመ።

«አያይም ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«አያዩም። እኔ ነኝ የምነግራቸው።»

የስፌት መኪናውም ቆሟል። ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዞሩ። «እንግዲያው በደንብ እይ» አሉ።

ለጋሼ ደወልኩ፤ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረግኩት። «ከሰል ይያዙ» አልኳቸው። «አፋቸው እንደ ተሰፋ ጆንያ ወደ ውስጥ ተሸብቧል።»

«ጥርሴን ቤት ረስቼው ነው በዪው!» አሉ ሰውዬው።

«የታች ከንፈሩ ያኔም ይደበቅ ነበር በዪው» አለ ስልኩ።

«የግራ ዓይናቸው ቆብ ወድቋል። ቅንድባቸው ግን እንደ ተቆጣ ድመት ወደ ላይ ነው።»

«የቀኙ ነው ያ ቅንድብ?» አሉ ጋሼ።

«የቀኙ ነው!» አሉ ሰውዬው ራሳቸው። «ረሳኸው እንዴ? አንተ ነህ ለአገር ያሳየኸው!»

ሰላም ሳይባባሉ፣ እኔን መሐል አድርገው ግማሽ ሰዓት ያህል ተጨቃጨቁ። ጆሮው ላይ ስንደርስ ሰውዬው «እሱን እንኳ ቀንስልኝ» አሉ። ጋሼ «ከቀነስኩት ያንተ አይሆንም» አሉ። ሰውዬው ሳቁ፤ ጥርስ የሌለው ሳቅ። ያንንም ነገርኩ፤ ተሣለ።

በመጨረሻ ሰውዬው «ሥዕሉን ወደዚህ እንዳትልኩት» አሉ። «እኛ ቤት ፊት አይሰቀልም። ሐሙስ ራሴ እመጣለሁ።»

ያ ሐሙስ እስኪደርስ ሦስት ቀን ነበር፤ ጋሼ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ባጃጅ በቆመ ቁጥር አንገታቸውን ያዞራሉ። እኔ ደግሞ አመሰግን ነበር። ጋሼን፣ እናቴን፣ ያቺን አፍንጫዋ የሚቀድም አለቃዬን ሳይቀር። እሷ ባታባርረኝ ይሄኔ ኮሌታ እየሰፋሁ ነበር።

ሐሙስ መጡ። በሽርጣቸው ላይ የልጃቸውን ካፖርት ደርበዋል፤ ደሴ ጉም ለብሳ ነበር። ጋሼ ተነሡ። «አፉ በለኝ» አሉ። ሰውዬው ሥዕሉን ተቀበሉኝና መስኮቱ ጋ ወስደው አዩት። ቆሙ። ጋሼ ወዴት እንደሚያዩ ጠፍቷቸው አንዴ ወደ እኔ አንዴ ወደ ግድግዳው ይዞራሉ።

«ጆሮዬን አልቀነስክልኝም» አሉ ሰውዬው።

ከዚያ ቀስ ብለው ከአልጋው ሥር በወጣው የካርቱኖቹ ካርቶን አጠገብ በርከክ አሉ። በርብረው የመጋዘኑን ሌባ አገኙት። አዲሱን ሥዕል ከእሱ በላይ አድርገው አስቀመጡ፣ በመዳፋቸውም ጫን አሉት። «እዚሁ ይቀመጥ። ካርቶኑን የከፈተ ሁሉ መጀመሪያ እኔን ያግኝ።» አልጋው ላይ ከጋሼ ጎን ተቀመጡ። «አፉ ብዬሃለሁ።»

ጋሼ እጄን ፈልገው ያዙ። «አሁን ምን ይመስላል? ንገሪኝ።»

ዞሬ ሰውዬውን አየኋቸው። «እያለቀሱ ነው» አልኩ።

«የደሴ ብርድ ነው በዪው!» ብለው ጮሁ ሰውዬው፤ አፍንጫቸውን በካፖርቱ እጅጌ እየጠረጉ።

ጋሼ ከሰላቸውን እንዳቀብላቸው እጃቸውን ዘረጉ።