የተልባ እጅ

ትናንት አንዲት ልጅ ከደብረ ታቦር የተወቀጠ ተልባ በቅል ይዛልኝ መጣች። የሟቹ ባሌ እህት የየሺ የልጅ ልጅ ናት። አያቷ ለጾምዎ ይሁንዎት ብላ እንደላከቻት ነገረችኝ። ቅሉን ተቀብዬ ጥግ አስቀመጥኩት። የሺ እንዲያው የምትሰጥ ሴት አይደለችም።

አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ንጉሡ ደብረ ታቦር ሰፍረው ነበርና፣ ወታደሩ ጤፉንም ገብሱንም ጠርጎ ሲወስድ የተረፈን ተልባው ብቻ ነበር። በጥቅምት ማሳው በሰማያዊ አበባ ተሸፍኖ ከሩቅ ሐይቅ ይመስላል። ሲደርቅ ነቅለን፣ በዱላ ወቅተን፣ በነፋስ አዝርተን፣ ለዘር የሚሆነውን በትልቅ ቅል አኖርነው።

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ቅሉም ተጋምሶ ተገኘ። አማቴ ማንንም ሳይጠይቁ ወደ እኔ ዞሩ፤ ተልባውን ገሳይ መንደር ላለችው እናቷ ልካዋለች አሉ። ሽማግሎች ተጠሩ። ከፈረዱብኝ ሌባ ተብዬ ወደ እናቴ ቤት መመለሴ ነው።

ሽማግሎቹ በመጡ ቀን፣ ቅዳሴ ወጥቶ ምግብ ሲቀርብ የሺ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። የተቆላ ተልባ ሸተተኝ፤ ግን የተከሰሰች ሙሽራ ሸተተኝ ብትል ማን ያምናታል? እንደ ወጉ እጅ የማስታጥበው እኔ ነበርኩ። ሽማግሎቹን አስታጥቤ የሺ ዘንድ ስደርስ ውሃው ከጣቶቿ አልንጠባጠብ አለ። እንደ እንቁላል ውሃ እየተሳበ ተንጠለጠለ። የተልባ ዱቄት በጨርቅ ይጠረጋል፤ ውሃ ሲነካው ግን እየተሳበ ራሱን ያጋልጣል።

«እመይቴ፣ የየሺን እጅ ይዩልኝ» አልኩ።

አማቴ አዩ። ማስታጠቢያውን ከእጄ ነጥቀው የልጃቸው እጅ እስኪጠራ አፈሰሱበት።

«እንዶድ ነው። ልብስ ስታጥብ ነው የዋለችው» አሉ።

አንዱ ሽማግሌ ሳቀ። «እኛ ተልባ ልንዳኝ እንጂ ውሃ ልንዳኝ አልመጣንም፣ ልጄ» አለኝ። ተፈረደብኝ።

ባሌ እስከ ገሳይ መንገድ ሸኘኝ።

«እንዶድ አረፋ ያወጣል እንጂ አይሳብም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

ክረምቱ ሲወጣ መጥቶ ወሰደኝ። ይቅርታ የጠየቀኝ ግን የለም። ልጆች ወለድኩለት፣ ቀበርኩትም፤ ያቺን «አውቃለሁ» ግን አብሬ አልቀበርኳትም።

ትናንት ለልጅቷ እንጀራ አቀረብኩና ማስታጠቢያውን አነሳሁ። እርስዎማ አያስታጥቡኝም ብላ ተግደረደረች። እንቢ አልኳት። የመጨረሻዋ ጠብታ ከጣቷ እስክትወርድ ቆሜ አየሁ። ቤቴ የሚመጣን ሰው ሁሉ እጅ የማስታጥበው እኔ ራሴ ነኝ፤ ሰው ትሕትና ይመስለዋል።

ቅሉ እስካሁን አልተከፈተም።