ሚጢ ለእትዬ ስታነብ

ሚጢን በደንብ አውቃታለሁ ብል ውሸት ነው። ጎረቤቴ ናት፤ በረንዳዎቻችንን የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። እንደዚያም ሆኖ ከሰላምታ ያለፈ ብዙ አላወራንም። እኔ በረንዳዬ ላይ ስጽፍ የምውል ዓይን አፋር ነኝ፣ እሷም ሥራ አታጣም። የማውቃት ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ የሰማሁትን ያህል ነው።

ፀጉሯ ሸብቷል፤ እስካሁን ግን ሚጢ ናት። ስሙን ያወጡላት እትዬ ናቸው፣ ትንሽ ልጅ ሆና ለሥራ ወደ ቤታቸው የመጣች ዕለት። ማንበብ የለመደችው የእትዬ ልጆች የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ ከኋላቸው ቆማ እያየች ነው። ልጆቹ አድገው ወጡ፤ የእትዬም ዓይን ደከመ። አሁን ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሚጢ ታነብላቸዋለች።

ሰሞኑን የያዙት ልብ ወለድ ከእናቷ ጉያ ተነጥቃ ስለተሸጠች ልጅ ነው። እትዬ ያለቅሳሉ። እያለቀሱም ያዛሉ።

“እንደ ከብት ጥርሷን ያያሉ? አረመኔዎች! ሚጢ፣ ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ። ውሃም አምጪልኝ እስቲ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ።”

“እኔ አንብቤ የእርስዎ ጉሮሮ ደረቀ?”

“አፍሽ አያርፍም! ለራስሽም ቅጂ።”

መጽሐፉ ውስጥ ልጅቷን የገዛት ሰው አንድ ቀን አዲስ ስም ያወጣላታል። በዚያ ስም ሲጠራት አቤት ባለማለቷ በጅራፍ ይገርፋታል። ሚጢ እዚያ ስትደርስ ድምጿ ሰለለ፤ ከዚያም ጭራሽ ጠፋ።

“ቀጥይ እንጂ፤ ምን ሆንሽ?”

“ምንም።”

ሳል ይዞኝ ነበር፤ ዋጥኩት።

“ሚጢ…” አሉ እትዬ፣ ቃሉ የከበዳቸው ይመስል። “እናትሽ ማን ብላ ነበር የምትጠራሽ?”

“አሁን ምን ያደርግልዎታል? በዚያ ስም ቢጠሩኝ እንግዳ መጣ ብዬ በር ነው የምከፍተው።”

እትዬ አልሳቁም። “ይሄን ሁሉ ዓመት አልጠየቅኩሽም እኮ፣ ልጄ።”

“አልጠየቁኝም።” ቁጣ አልሰማሁበትም። ድካም ግን ነበረበት።

“እንግዲህ ጠየቅኩሽ።”

ወንበር ተጎተተ። በጆሯቸው ሳትነግራቸው አልቀረችም፤ እትዬ አንዲት ቃል አፍ እንደሚፈታ ሕፃን እየተሳሳቱ በሹክሹክታ ሲደጋግሙ ነበር። ምን እንደሆነች አልተለየኝም።

“እንደሱ አይደለም እትዬ፤ መጨረሻው ላይ ላላ ያድርጉት።”

እንደገና ሞከሩ። በዚህኛው ጊዜ ሚጢ፣ “አቤት” አለች።

ከዚያ ሁለቱም ሲያለቅሱ ስለሰማሁ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋትና እንደ ምንም ደፍሬ፣ “ማን ብለሽ ነገርሻቸው?” አልኳት።

አንሶላውን አራግፋ ገመዱ ላይ ጣለችው።

“ለእርስዎስ አልነግርም ጋሼ” አለች እየሳቀች። “ይጽፉታላ!”